ሲሞቅ የሚቆራርጥ ሞተር

መስከረም 19

ለእህቴ ልጅ ለብሎኒት፣

ጤናሽን እንደ ብረት ያጠንክረው፤ ከሰነፍ አለቃና ከምቀኛ ባልደረባ ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። አክስትሽም እንደ ሁኔታዋ ደህና ናት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል እወስዳታለሁ፤ ይህን ታውቂያለሽ።

የምጽፍልሽ ምክር ፈልጌ አይደለም። መኪና መፍታት ማንም አላስተማረኝም፤ ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም። አንቺ ግን አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ስለምትሠሪ፣ የአንድ ሞተር ጠባይ ብነግርሽ ለሥራሽ ይጠቅምሽ ይሆናል ብዬ ነው።

ፒካፑ ይቆራርጣል። ጠዋት ሲነሳ ምንም አይልም። ከበራችን እስከ ድልድዩም ልጓም እንደያዘ በቅሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ድልድዩን አልፎ አቀበቱን ሲጀምርና ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ግን ማነከስ ይጀምራል። ነዳጅ ስረግጥለት በመሳብ ፈንታ ይንገጫገጫል፤ መሪው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አክስትሽ በሩን ጨብጣ ትይዛለች። ይህን አልወድም።

ካንዴላዎቹን በሙሉ ቀየርኩ። ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ። የቤንዚን ማጣሪያውን ጥዬ አዲስ አስገባሁ። ምንም ለውጥ የለም።

«ሚኒባስ አትሳፈሩም?» እንዳትዪኝ። አክስትሽ ስትሄድ ትችል ይሆናል፤ ስትመለስ ግን ራሷን ቀና አድርጋ መያዝ አይሆንላትም። ሚኒባሱ ደግሞ ሰው እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው «ዳቦዬን አስረክቤ ስጨርስ ሥራ የለኝም፤ ፒካፑን እኔ ልንዳላችሁ» ይላል። ታስታውሺዋለሽ፤ ዳቦውንም የመኪና ፍሪሲዮንም ሲያሳርር የኖረ ሰው ነው። «አርሮ ያልወጣ ዳቦ ይዘህ የመጣህ ቀን እናወራለን» አልኩት። ሳቀ። የሳቀው ግን በእኔ ቀልድ አልመሰለኝም።

አጎትሽ

ጥቅምት 8

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ደብዳቤዎን የተቀበልኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። አውቶቡስ ስር ተኝቼ አነበብኩት። አለቃዬ እግሬን አይቶ የምሠራ መስሎት አለፈ።

ጋሼ፣ ምክር አልሰጥዎትም። እርስዎው ያስተማሩኝን ነው የምመልስልዎት። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ እየሠራ እያለ፣ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ይንቀሏቸው። ጤነኛው ሲነቀል ድምፁ ይወድቃል። የታመመው ሲነቀል ድምፁ አይለወጥም፤ ድሮም አይሠራማ። የትኛው እንደሆነ ካወቅን ግማሹን መንገድ ሄድን ማለት ነው። ታዲያ በደረቅ ጨርቅ ይያዙት!

ደግሞ አንድ ነገር። እሑድ ለእትዬ ደውዬ «ጋሼን አቅርቢልኝ» ስላት «እጁ ቅባት ነው» አለችኝ። ባለፈው ወርም እጅዎ ቅባት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረውም። ሳሙና ልላክ እንዴ? ስልኩን ኮፈኑ ስር ለአንድ አፍታ ቢይዙልኝ እኔ እዚህ ሆኜ ሞተሩን እሰማው ነበር፤ ደብዳቤ እስኪመላለስ ሁለታችንም ባልተቃጠልን።

እትዬስ? ስጠይቃት «ደህና ነኝ፣ መኪናውም ደህና ነው» ብቻ ነው የምትለው። መኪናው ደህና ካልሆነ እሷም ደህና አትሆንም ብዬ እሰጋለሁ። የሆነውን ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ የጀመርሽው ሁሉ ይቃናልሽ።

በስልክ የሚታከም ሞተር አላውቅም። ሐኪምም ቢሆን ታማሚውን እጁን ይይዛል። ስልክ ላይ የተባለ ነገር ነፋስ ነው፤ የጻፍሽው ግን እጄ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጻፊ።

ያልሽውን አደረግኩ። ድምፁ ያልተለወጠው የሦስተኛው ነው። ካንዴላውን ከሌላው ጋር አቀያየርኩ፤ መቆራረጡ አልተወም። በማግስቱ እንደገና ሞከርኩ፤ አሁን ደግሞ ያልተለወጠው የአንደኛው ሆኖ ተገኘ። ጨርቁ ደረቅ አልነበረም መሰለኝ፣ እስከ ብብቴ ነዘረኝና ጭንቅላቴ ከኮፈኑ ጋር ተጋጨ። አክስትሽ በመስኮት «ዳንስ ጀመርክ?» አለች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ስለነበር አልተቆጣኋትም።

ባለፈው ሳምንት ግን አቀበቱ መሃል ላይ ቆመብን። አክስትሽን አውርጄ የመንገድ ዳር ግንብ ላይ አስቀመጥኳትና ኮፈኑን ከፈትኩ። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረብን። ሆስፒታል ስንደርስ የእጥበት ወንበሯን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ነርሷ «አባት፣ ይህ እኮ ሲመች የሚመጡበት ነገር አይደለም፤ ቀን ካለፈ ደሟ ውስጥ መርዝ ነው የሚጠራቀመው» አለችኝ፤ ሰው እየሰማ። ከሰዓት በኋላ ወንበር ተገኘላት። እግሯ አብጦ ነበር። 

ጥፋቱ ገመዶቹ ላይ ነው ብዬ ወስኛለሁ። እዚህ የሚሸጠው ተመሳስሎ የተሠራ ነው፤ ደህና የካንዴላ ገመድ ካገኘሽ ላኪልኝ።

አጎትሽ

ኅዳር 20

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። እትዬ ግንብ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ ሰነበተ። ትናንት አንዱን ብሎን ሁለት ጊዜ አጥብቄ ቆረጥኩት፤ «ምን ነካሽ?» አሉኝ።

ገመዶቹን በፖስታ ልኬያለሁ፤ ይደርሱዎታል። ግን ጋሼ፣ ጥፋቱ እነሱ ላይ አይደለም። እርስዎ ነዎት «ሞተር አይዋሽም፣ ሰሚው ነው የሚሳሳት» ይሉኝ የነበረው። ሕመም ከሦስተኛ ወደ አንደኛ በአንድ ሌሊት አይሰደድም።

ስለዚህ ድምፅ የማያስፈልገው ሌላ መንገድ ልንገርዎት። መኪናውን አቀበቱ ድረስ ነድተው፣ መቆራረጥ ሲጀምር መንገድ ዳር ያቁሙት፤ ሞተሩን አያጥፉት። ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣባቸው አራት የብረት ክንዶች አሉ አይደል? ከእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ውሃ ጠብ ያድርጉ። የሚሠራው ጋር ውሃው ወዲያው ይተናል። የማይሠራው ጋር ይዘገያል፤ በዓይንዎ ያዩታል።

ከዚያ የዚያን ካንዴላ ይንቀሉና ቀዳዳውን በአውራ ጣትዎ ይድፈኑት። ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን ገመድ ነቅለው ሰው ቁልፉን ያዙርልዎት። ጤነኛ ከሆነ ጣትዎን ይገፋዋል። አንድ ጊዜ ሞቆ እያለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሞክሩት።

የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ቫልቮቹን መቼ ነው የነኳቸው? በምን ለክተው? ይህን እንዳይዘሉብኝ። እለምንዎታለሁ፣ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ብሎኒት

ታኅሣሥ 14

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ገመዶቹ ደርሰዋል። ጥሩ ገመድ ነው። መቆራረጡ ግን አልቀረም። «ብዬዎት ነበር» ብለሽ እንዳትጽፊ።

በውሃው ሞከርኩት። ሦስቱ ላይ ጠብ ሳይል ተነነ። አራተኛው ላይ ግን እንደ ላብ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ከቆየ በኋላ ነው ቀስ ብሎ የደረቀው። ሦስተኛ፣ አንደኛ ያልኩሽን ተዪው። አራተኛው ነው።

ጣቴንም ሞከርኩ። ቁልፉን ያዞረችልኝ አክስትሽ ናት። ነጂው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ወዴት ላድርስህ ጌታዬ?» ትለኛለች። ሞቆ እያለ የሕፃን ትንፋሽ ያህል ነካ አደረገኝ። ማታ ሲቀዘቅዝ ግን ጣቴን ከቀዳዳው አሽቀንጥሮ ጣለው። አንዱ ሲሊንደር ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። እንዲህ ያለ አላየሁም፤ አላየሁም ማለትም አይከብደኝም።

ስለ ቫልቮቹ ለጠየቅሽኝ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው የነካኋቸው። አክስትሽ «ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል» እያለች ነዘነዘችኝ። መለኪያ ምን ያደርግልኛል? እንደ ልማዴ ሞተሩ እየሠራ አጠበቅኳቸው። እሷ አጠገቤ ቆመች።

«አሁንስ?» እላታለሁ።

«አለ።»

«አሁንስ?»

«ቀንሷል። ከኋላ በኩል ያለው ነው የሚጮኸው።»

ያንን ጨመር አደረግኩት። «አሁንስ?»

«ጠፋ፤ ተመስገን» አለች።

እኔም ለመተማመኛ ትንሽ ጨመርኩበትና ቆለፍኩት። ሥራ ማለት እንዲህ ነው። ስለዚህ ቫልቮቹን ከጥርጣሬሽ አውጪያቸው።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 29

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ፣ ምሕረት ለእትዬ ይሁን።

ተገኝቷል ጋሼ። ቫልቮቹ ናቸው።

ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ጤነኛ ሞተር ትንሽ ቀጭ ይላል፤ ይህን ደግሞ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ድምፁን ፈጽመው ሲያጠፉት ክፍተቱም አብሮ ጠፋ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ መርዘሚያ ቦታ ካጣ ቫልቩ ገርበብ ብሎ ይቀራል፤ የታመቀው ሁሉ በዚያ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይዘጋል። ለዚህ ነው ጠዋት ደህና ሆኖ አቀበት ላይ የሚሞትብዎት። ብዙ ከቆየ ቫልቩ ይቃጠላል፤ ያኔ ሙሉ ሞተር ማውረድ ነው።

ከዚህ ጋር መለኪያ ልኬያለሁ፤ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ስስ የብረት ቅጠሎች ናቸው። የሚሆኑትን ሁለቱን ቀለም ቀብቼልዎታለሁ፤ ቀዩ ለጭስ ማውጫው፣ ሰማያዊው ለማስገቢያው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጠፍቶ እያለ ቅጠሉን ክፍተቱ ውስጥ ያስገቡ፤ ያዝ እያደረገ ካለፈ በቂ ነው። በእጅዎ ነው የሚያውቁት።

አሁን ደግሞ ሳልጽፈው ባድር ደስ የሚለኝን ልጻፍ።

ልጅ ሆኜ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን፣ ከአጥር ውጭ መኪና ሲያልፍ ሳያዩት የማን እንደሆነና ምኑ እንደታመመ ይነግሩኝ ነበር። ሮጬ ወጥቼ ሳይ ተሳስተው አያውቁም። ዛሬ ግን ሞተሩ ላይ አጎንብሰው እትዬን «አሁንስ?» ይላሉ። ገመድ ነቅለው ሦስተኛ ይላሉ፣ አንደኛ ይላሉ። ስልክ ስደውል እጅዎ ቅባት ነው።

ጋሼ፣ አይሰሙም።

ሞተሩን አስተካክለን ብቻ ዝም ብንል፣ ያንን ቁልቁለት ከኋላዎ የሚመጣውን የጭነት መኪና ሳይሰሙ እትዬን ይዘው ይወርዱታል። እዚያው ሆስፒታል የጆሮ ሐኪም አለ። እስከዚያ ሌላ ሰው ይንዳ። ቢቆጡኝም ግድ የለም፤ ይቆጡኝና ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

ጥር 27

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ላንቺ።

መለኪያው ደርሷል። ያልሽውን ክፍተት ሰጥቻለሁ። አራተኛው ፈጽሞ ተጣብቆ ነበር። አሁን አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ ሳይንገጫገጭ ይወጣል። አክስትሽ በጊዜ ትደርሳለች። ነርሷም መቆጣት ትታለች።

ከዚያ በኋላ የጻፍሽው ገጽ አልደረሰኝም። ፖስታ ቤት ጠፍቶ ይሆናል።

አጎትሽ

የካቲት 12

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን አሉ? የሞተሩን ነገር ስሰማ ደስ አለኝ፤ እጅዎን ይባርከው።

ያልደረሰዎት ገጽ በደረሰዎት ገጽ ጀርባ ላይ ነው የተጻፈው።

ጋሼ፣ እኔ እዚህ እየሠራሁ የአውቶቡስ ክላክስ በሰማሁ ቁጥር እጄ ይቆማል። ይህ ጋራዥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ክላክስ ነው። እሑድ ለእትዬ ስደውልላት እያወራችኝ ድምፅዋ ይጠፋል። «ደክሞኝ ነው፤ ጋሼሽ በደንብ ነው የሚነዳው» ትለኛለች። ሳልጠይቃት ነው እንዲህ የምትለኝ። ያልጠየቅኳትን ስትመልስልኝ ነው የፈራሁት።

መጀመሪያ መኪናው ቆሞ ቀጠሮዋ እንዳያልፍ ነበር ጭንቀቴ። አሁን መኪናው ጥሩ ይሄዳል፤ ጭንቀቴ ግን ባሰ። በሦስት ሲሊንደር ሲያዘግም ይሻለኝ ነበር።

ዳቦ ጋጋሪው ለምን «እኔ ልንዳ» እያለ የሚለምንዎት ይመስልዎታል? ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ጋሼ። እርስዎን እንዳያስቀይሙ ነው ዝም የሚሉት። እኔ ግን እንዲያውቁት እንጂ እንዲወዱኝ ብዬ አልጽፍም፤ ይህንንም ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

ቁልፉን ይስጡት። ፍሪሲዮኑን ያሳርረዋል ይላሉ። ያሳርረው! ፍሪሲዮን እኔ እልክልዎታለሁ። እትዬን ግን ከየትም አምጥቼ መላክ አልችልም።

ይህኛው ገጽ ጀርባ የለውም።

ብሎኒት

ሚያዝያ 3

ለእህቴ ልጅ ለብሎኒት፣

ዕድሜሽን ያርዝምልሽ፤ ምላስሽንም ትንሽ ያሳጥርልሽ።

ጀርባውን የደረሰኝ ቀን ነው ያነበብኩት። የየካቲቱንም እንዲሁ። መልስ የዘገየብሽ ፖስታው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

እንደማልሰማ አውቃለሁ። ግራ ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። ቀኙ ጎርናናውን ድምፅ ይዞ ቀጭኑን ይጥላል፤ ሞተር ሲነሳበት ደግሞ ሁሉንም ይጥላል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አክስትሽ። አጠገቤ ትቀመጥና እጇን ጉልበቴ ላይ ታደርጋለች። ከኋላ ክላክስ ሲነፋ አንዴ ትመታኛለች። ሊያልፈን ሲመጣ ሁለቴ። እንዲህ እያደረግን ብዙ መንገድ ሄደናል፤ አንድም ሰው አልነካንም። ስለዚህ በልቤ «ምን አገባት፣ ጆሮ አለኝ» እል ነበር። አንቺን ማለቴ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ ከሆስፒታል ስንመለስ ቁልቁለቱን ጀመርን። እጇ ጉልበቴ ላይ ነበር። ምንም አልመታችኝም። እኔም መንገዱ የኛ ነው ብዬ መሃሉን ይዤ ወረድኩ። ድንገት በጎኔ እንደ ግድግዳ ያለ ነገር አለፈ። የጎን መስታወቱን ገንጥሎ ወሰደው። ፍሬኑ የከዳው የጭነት መኪና ነው። ታች ሜዳው ላይ አሸዋ ክምር ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ወደ እኛ እየሮጠ መጣ። የሚለውን ከአፉ አነበብኩት። «ከላይ ጀምሮ እጄን ከክላክሱ ላይ አላነሳሁም! አላነሳሁም! አይሰሙም እንዴ?» ይላል።

አክስትሽን ዞሬ አየኋት። ተኝታ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው የነቃችው። መስታወቱ የነበረበትን አየች፣ ሾፌሩን አየች፤ ገባት። እኔን ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ፊቴን ወደ እሷ አዙራ፣ እንድሰማት አፏን ከፍታ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንቅልፍ አሸነፈኝ» አለችኝ።

ከእጥበቱ ክፍል የሚወጣ ሰው ሁሉ መኪና ውስጥ እንደገባ ይተኛል። በዓይኔ ሳየው የኖርኩት ነው፤ አንዳንዱን በር ላይ ተኝቶ ደግፈው ያስገቡታል። እሷ ግን አንድም ቀን ተኝታ አታውቅም። «የኔ ሚስት ጠንካራ ናት» እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። ለካ ደሟ ታጥቦ፣ አቅሟ አልቆ፣ ለኔ ጆሮ ልትሆነኝ ዓይኗን በጣቷ ከፍታ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችው። አንድ ቀን ቢያቅታት ይቅርታ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው ቤት ሄድኩ። ምድጃው አጠገብ ቆሟል። «ቁልፉን ሰጥቼሃለሁ፤ መኪናውን አልሰጠሁህም» አልኩት። ፊቱ ዱቄት ስለሆነ ሳቀ አልሳቀ መለየት አልቻልኩም። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ያንን ሳይ ትንሽ ቀለለኝ።

አክስትሽ ለጆሮዬ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አስይዛብኛለች። እሄዳለሁ አላልኳትም፤ አልሄድም ማለትም አልቻልኩም። አንቺም በስልክ አትድከሚ፤ እስክነግርሽ ድረስ ጻፊ። ቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል። የምትነኪው ሁሉ ይዳንልሽ።

ዳቦ ጋጋሪው ከተባለው በላይ ነው የሚነዳው፤ ማለቴ በክፋቱ። መጀመሪያ ቀን ወደ ሆስፒታል በመሄጃችን ፍሪሲዮኑን ሲያሳርር እግሬ ስር ባለው ብረት ተሰማኝና «አንሳ እግርህን!» ብዬ ጮህኩበት። እሱም መልሶ ጮኸ፤ ምን እንዳለ ግን እንጃ። በመመለሻችን ግን ከመጀመሪያው መታጠፊያ እስከ በራችን አንዲት ቃል አልተናገርኩትም። ማርሹን ሲያንገጫግጭም ዝም አልኩት። አክስትሽ መሃላችን ተቀምጣ፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ፣ ገና ከሆስፒታሉ በር ሳንወጣ ተኝታ ነበር። ስንደርስ ሰውዬው ሞተሩን አጥፍቶ በሩን ሊከፍት ሲል እጄን አንስቼ አስቆምኩት። ትከሻዬ ደንዝዟል። ሦስታችንም እዚያው ተቀመጥን።

አጎትሽ